ንጉሡ «ደጆች» ያለ ዕለት

አንድ ንጉሥ ሕዝቡን ከሞት አድናለሁ ብሎ ባወጣው አዋጅ ያንኑ ሕዝብ ከመጨረስ ለጥቂት ተረፈ። ክፉ ሰው ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ደግ ሰው ነበር፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በክፋት የተደረገ ቢሆን ኖሮ ተራግሞ ማለፍ ይቻል ነበር። ደግነቱ የታሪኩ መጨረሻ ያማረ ስለሆነ በደስታ ነው የምነግራችሁ፤ እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በዚያ ዘመን ከወደ ቆላው የተነሳ ትኩሳት ከከተማ ከተማ እየዘለለ ይመጣ ነበር። ነጋዴው መንገድ ፈርቶ ቀረ፣ ጨው ከገበያ ጠፋ፣ የእህል ዋጋ ሰማይ ነካ። ንጉሡ መኳንንቱንና የቤተ መንግሥቱን ሐኪም ሰብስቦ «ምን ይበጀናል?» ሲል ጠየቀ። ሐኪሙም በሽታው በትንፋሽም የታመመ ሰው በነካው ውሃም የሚጋባ መሆኑን፣ ሰው ከሰው ሳይነካካ እስከ ክረምት መግቢያ ቤቱ ቢቀመጥ ትኩሳቱ የሚይዘው አጥቶ እንደሚያልፍ አስረዳ። ምክሩ እውነት ነበር። መኳንንቱ «ድንቅ ነው» አሉ፣ ንጉሡ ማኅተሙን መታ፣ ጉባኤው ተበተነ።

ወዲያው አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን እየጎሰመ ወጣ።

«ስማ፣ ስማ፣ ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰው ሁሉ ቤቱ ይግባ፣ በሩን ይዝጋ። ከዚያ በኋላ ደጅ የተገኘ ወንዝ ማዶ ይወሰዳል፤ በሽታው እስኪያልፍም ወደ ከተማ አይመለስም።»

የዚያን ዕለት የነበረውን ሩጫ ብታዩ ጉድ ትሉ ነበር። ኮረብታው ላይ ያሉት ባለጸጎች ጤፉን በጆንያ፣ ማሩን በገንቦ፣ ቅቤውን በቅል አስገቡ። ሥጋው ለቋንጣ ተዘለዘለ፣ ጠጅ ተጣለ። አንዳንዱማ ሠርግ የሚደግስ ነበር የሚመስለው። ጓዳው ሙሉ ለሆነ ሰው «ቤትህ ተቀመጥ» ማለት ምን ቅጣት አለው? ዕረፍት ነው እንጂ። ያን ሁሉ ጆንያ ሽቅብ ያወጡት ደግሞ የእህል ተራ ተሸካሚዎች ናቸው። የመጨረሻውን አውርደው ሲወጡ በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

የእህል ተራው ከተማው መሃል ነው። ጣራ እንጂ ግድግዳ የሌለው ትልቅ ዳስ ነበር። ቀን እህል ይሸጥበታል። ገበያው ሲበተን ደግሞ ተሸካሚው፣ እህል አበጣሪዋ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ የዕለት ጉርሱን ዕለት ዕለት የሚያገኘው ሁሉ ጆንያውን አንጥፎ ያድርበታል። ከነዚህ አንዷ ደብሪቱ ነበረች። ደብሪቱ ልብስ አጣቢ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ወንዝ ዳር ስለሠራች ድምጿ ትልቅ ነው፣ እዚያ ውሃው ስለሚያጓራ ካልጮኹ አይሰሙም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያለቻት አንድ ልጅ የኔዓለም ናት፤ እሷም በዚያው ሰሞን ወልዳ፣ ዳሱ ጥግ በአሮጌ ጆንያ ተከልላ የተኛች አራስ ነበረች።

ወንዝ ማዶ ያለውን ሜዳ የምታውቁት አይመስለኝም። ዛፍ የለበት፣ ጥግ የለበት፣ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። አራስና ጨቅላ እዚያ ቢያድሩ ነገ የሚሆኑትን ደብሪቱ አላጣችውም። እናንተም አታጡትም።

አዋጅ ነጋሪው ዳሱ አጠገብ ቆሞ አዋጁን ሲጨርስ አንድ ተሸካሚ ወደ እሱ ጠጋ አለ።

«ጌታው፣ እኛስ የት እንግባ?»

«ቤትህ ግባ ተባለ እኮ።»

«ቤቴ ይኸው ነው።»

«ይሄማ ገበያ ነው። ገበያ ተዘግቷል።»

«ታዲያ ገበያው ከተዘጋ ቤቴ የት ሄደ?»

አዋጅ ነጋሪው አሰበ፣ አሰበና «እኔ የተባልኩትን ነው የምናገረው» ብሎ ነጋሪቱን አንጠልጥሎ መንገዱን ቀጠለ። ምን ያድርግ እሱስ።

ዳሱ ውስጥ ዋይታ ሆነ። ደብሪቱ ግን ዋይ አላለችም። መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና ልጇ ላይ ጎንበስ አለች።

«አንቺ ከዚህ እንዳትነቃነቂ። ልጁን ሸፍኚው። ቤት ይዤ እመጣለሁ።»

«እማዬ፣ ቤት ይያዛል እንዴ?»

«ዛሬ ይያዛል» አለችና ወደ ኮረብታው ሮጠች።

እዚህ ላይ የዚያን አገር ልማድ ልንገራችሁ። እንግዳ በር ላይ ደርሶ «ቤቶች» ብሎ ይጣራል። ውስጥ ያለው ሰው «ደጆች» ብሎ ይመልሳል። «ደጆች» ካለ አለቀ፤ ሰምቻለሁ፣ አለሁ፣ ግባ ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ እንግዳውን ደጅ ያስቀረ ሰው ልጁን የሚድርለት አያገኝም፣ ለቀብሩም ሰው አይወጣለትም። ደብሪቱ የተማመነችው ይህን ልማድ ነበር። የኮረብታውን ሰዎች ሁሉ ደግሞ ታውቃቸዋለች፣ ልብሳቸውን ስታጥብ ነው የኖረችው።

መጀመሪያ የደረሰችው የአንድ ትልቅ ነጋዴ ቤት ነው። ከውስጥ ሙቀጫ ይወቀጣል፣ ሰው ይሳሳቃል። «ቤቶች» አለች። ሙቀጫው ቀጥ አለ፣ ሳቁም ቀጥ አለ። ደግማ ጠራች። «ጌታዬ፣ ደብሪቱ ነኝ፣ ልብስ አጣቢዎ» አለች። ዝም። ሄደች መስሏቸው ሙቀጫው ሲጀምር እንደገና ጠራች፤ እንደገና ቀጥ አለ።

ቀጥሎ ወደ አንዲት ወይዘሮ ቤት ሄደች። «ቤቶች፣ እሜቴ፣ እኔ ነኝ።» በበሩ ስንጥቅ በኩል ሹክሹክታ ሰማች፤ «ዝም በሉ፣ ከመለስንላት አለቀልን» ይላል። ሦስተኛው ቤት ደግሞ አንድ ጆሮአቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ። ጥሪዋን ሲሰሙ፣ ልማድ ነውና፣ «ደ…» ብለው ጀመሩ፤ ሌሎቹ ዘለው አፋቸውን ያዙዋቸው። ውስጥ ትግል ሆነ። ደብሪቱ እንኳ ለራሷ ቤት መፈለጓን ትታ፣ ሽማግሌውን አፍነው እንዳይገድሏቸው ፈራች።

ብልጠታቸውን አያችሁልኝ? ልማዱን አልጣሱም። ሂጂ አላሏትም፣ በር ፊቷ ላይ አልዘጉባትም። አልሰማንም ነው ያሉት። አንዱ ቤት ያወጣው ዘዴ ሰፈሩን በሙሉ አዳርሶ ያ ሁሉ ቤት፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ትንፋሹን ውጦ ተቀምጧል። ደብሪቱ በጣም ተናደደች። ከንዴቷም ይልቅ ሐዘኗ ባሰ፤ የእነዚያን ቤቶች ልጆች የክርስትና ልብስ ሳይቀር በእጇ አጥባለች። እንባዋ መጣ። ግን የማልቀሻ ጊዜ አልነበራትም፣ ፀሐይዋ ወደ ተራራው እያዘቀዘቀች ነው። ሽቅብ ቀና ስትል ዘዴው ያልደረሰበት የመሰላት ቤት አንድ ብቻ ሆነ፤ ቤተ መንግሥቱ።

ቤተ መንግሥት በር ላይ «ቤቶች» ብሎ የተጣራ ሰው አልነበረም። እዚያ ደጅ ይጠናል እንጂ አይጣሩም። ጉዳይህን ለአጋፋሪው ትነግራለህ፣ አጋፋሪው ደስ ሲለው ያስገባሃል፤ እስከዚያ አጥር ተደግፈህ ትከርማለህ። ደብሪቱ እያለከለከች ስትደርስ ዘበኞቹ ትልቁን በር ሊዘጉ እየገፉ ነበር።

«ምን ፈለግሽ?» አላት አጋፋሪው።

«ጃንሆይን።»

«ተራሽን ጠብቂ።»

«ተራዬ መቼ ይደርሳል ጌታዬ?»

«በሽታው ሲያልፍ።»

ደብሪቱ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ ሁለት እጇን አፏ ዳርና ዳር አደረገች፤ ከወንዙ ወዲህ ሆና ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው በምትጣራበት ድምፅ «ቤቶች!» አለች።

ከሰገነቱ ላይ ጥርት ያለ መልስ መጣ።

«ደጆች!»

የመለሰው ማን መሰላችሁ? ንጉሡ ነው። ራሱ ንጉሡ። አጋፋሪው አፉን ከፍቶ ቀረ። ዘበኞቹ በሩን መግፋት ትተው ተያዩ። ላይ ደግሞ ንጉሡን ለእራት እጁን ሲያስታጥብ የነበረው አሽከር ውሃውን ምንጣፉ ላይ ደፋው። ንጉሡም ነገሩ ካመለጠው በኋላ አፉን በእጁ ያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንጉሡ በልጅነቱ ያደገው ገጠር ነው፣ ሞግዚቱ ቤት። እዚያ እንግዳ ሲጣራ «ደጆች» ብሎ መመለስና ሮጦ በር መክፈት የእሱ ሥራ ነበር። ዘውድ ከጫነ በኋላ ግን ማንም በሩ ላይ ጠርቶት አያውቅም። ቃሏን ሲሰማ ምላሱ እሱን ሳያማክር መለሰ።

አጋፋሪው ደረጃውን እየዘለለ ወጣ። «ጃንሆይ፣ ግድ የለም። የመለሰው አሽከር ነው ብዬ እመልሳታለሁ።»

ንጉሡ አፉን የያዘበትን እጅ አወረደ። ሞግዚቱን አስቦ ይሁን አፍሮ አላውቅም። «እኔ ነኝ የመለስኩት» አለ በመጨረሻ። «አስገባት።»

ደብሪቱ ገብታ እጅ ነሳች። ሐኪሙም እዚያው ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት ንጉሡ።

«ቤቴ ገብቼ በሬን ልዝጋ ብዬ ነበር ጃንሆይ፤ ቤቱን አጣሁት። የምኖረው የእህል ተራው ዳስ ውስጥ ነው። ልጄ አራስ ናት። አሁን ፀሐይ ስትጠልቅ ከነጨቅላዋ ወንዝ ማዶ ትወሰዳለች። የዳሱ ሰው ሁሉ እንደዚሁ።»

ንጉሡ ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ አዋጁን ያወጣሁት ለሁሉም እኩል ነው» አለ።

«እኩል ነው እንጂ ጃንሆይ። ሁላችንንም ቤታችሁ ግቡ ነው ያሉን። ኮረብታው ላይ ያለው ገብቶ ጠጁን ጣለ። እኛ የምንገባበት ስለሌለን እንሞታለን። ቃሉ አልተለየም፣ የደረሰበት ሰው ነው የተለየው።»

ንጉሡ ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ዳሱ ውስጥ ብንተዋቸውስ?»

«አይሆንም ጃንሆይ። ተጠጋግተው ነው የሚተኙት፣ አንዱ ከታመመ ሁሉም ያልቃሉ።»

«ወንዝ ማዶስ?»

ሐኪሙ ሊመልስ ጀመረና አቋረጠው። እውነተኛ ሰው ስለነበረ ስህተቱ ሲገባው አልሸሸገም። «ከተማው ሁሉ የሚጠጣው ያንን ወንዝ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እዚያ ቢታመሙ በእንስራችን ቀድተን ነው የምናመጣው። መበተን ነው ያለባቸው ጃንሆይ። አንድ አንድ ቤተሰብ በየቤቱ፣ በየጓዳው፣ በየጋጣው፣ ራቅ ራቅ ብሎ። ለእነሱም ለእኛም የሚሻለው ይህ ነው። ግን ማን ይቀበላቸዋል?»

«አንዷን እኔ ተቀብያለሁ፣ ደጆች ብያለሁ እኮ» አለ ንጉሡ። «አራሷን በእኔ በቅሎ አምጧት፣ እልፍኙን አሙቁላት። ለሌሎቹ ሄደን እንጣራለን። አንቺም ነይ።»

እንዲህ ሆነና ንጉሡ ካባ እንኳ ሳይደርብ፣ በእግሩ፣ ከደብሪቱና ከአዋጅ ነጋሪው ጋር ኮረብታውን ወረደ። ደብሪቱ ሕልም መሰላት። ልቧ እየዘለለ፣ እግሯ መሬት የሚረግጥ ሳይመስላት፣ ወደዚያው ነጋዴ በር መራችው። ንጉሡ በሩ ላይ ቆሞ «ቤቶች» አለ።

ዝም።

ለካ የንጉሡን ድምፅ የሚያውቅ ሰው የለም። ሕዝቡ የሚሰማው አዋጅ ነጋሪውን ነው። ሙቀጫው ቀጥ አለ፣ ሳቁ ቀጥ አለ፣ አለቀ። ንጉሡ ደግሞ ጠራ። አሁንም ዝም። በሕይወቱ ሙሉ በር የተከፈተለት ሰው የተዘጋ በር ፊት ቆመ፤ ፀሐይዋ እየወረደች ነው፣ ነፋሱ መጥቷል፣ ከውስጥ የወጥ ሽታ ይሸታል። ለአፍታ የእውነት የሚገባበት የሌለው መሰለው፤ ፈራም።

«ጃንሆይ መሆንዎን ልንገራቸው?» አለ አዋጅ ነጋሪው።

«ተው። ለእኔ ብለው ከከፈቱ ስሄድ መልሰው ይዘጉታል።» ከዚያ ወደ ደብሪቱ ዞረ። «በልማዳችን፣ ቤቶች ተብሎ ደጆች ያላለ ቤት ምን ይባላል?»

«ሰው የሌለበት ቤት ይባላል ጃንሆይ።»

«ሰው የሌለበት ነዋ» አለና ንጉሡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። አዋጅ ነጋሪውን ጠርቶ በጆሮው ነገረው። ሰውየው ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ የተሸካሚው ጥያቄ ከተጠየቀ ጀምሮ ከሐሳቡ አልወጣለትም ነበር። ነጋሪቱን ከመቼውም አብልጦ ጎሰመ።

«ስማ፣ ስማ! ቤቶች ተብሎ ደጆች ያላለ ቤት ባዶ ቤት ነው። ባዶ ቤት ሁሉ ከነጎተራው፣ ከነቋንጣው፣ ከነጠጁ ለእህል ተራ ሰዎች ተሰጥቷል። ገብተው በሩን ይዝጉ!»

  ወዲያው የነጋዴው ቤት «ደጆች!» ብሎ ጮኸ። የወይዘሮዋ ቤት «ደጆች!» አለ። ከላይ፣ ከታች፣ ከጀርባ፣ ከየአጥሩ፣ ከየጓሮው፣ የተጠራውም ያልተጠራውም «ደጆች! ደጆች!» ማለቱን ያዘ። መዝጊያው ሁሉ እየተንኳኳ ተከፈተ፤ አባወራው በባዶ እግሩ፣ እመቤቲቱ ነጠላዋን ሳትደርብ ደጅ ወጡ። ሽማግሌውም ያዦቻቸው እጃቸውን ለቀውላቸው፣ በከዘራቸው እየተደገፉ ብቅ አሉና «እኔማ ቀድሜ ነበር የጀመርኩት» እያሉ ለመንገደኛው ሁሉ ያስረዳሉ። ደብሪቱ መንገዱ መሃል ቆማ ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል። ከዳሱ ወገን ደግሞ ተሸካሚዎቹና አበጣሪዎቹ ጓዛቸውን ይዘው፣ እየሮጡ፣ እየተጠራሩ ሽቅብ መጡ። ለአንዱ ጓዳ ተሰጠው፣ ለአንዷ የእህል ቤት፣ ለሌላው ከብቶቹ የወጡለት ጋጣ። የኔዓለም በንጉሡ በቅሎ ላይ ጨቅላዋን አቅፋ በመካከላቸው ስታልፍ ሰው ሁሉ እልል አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ደጅ የቀረ ሰው አልነበረም።

ሁሉም በፍቅር ነው የከፈተው ብዬ አልዋሻችሁም። ብዙዎቹ ጎተራቸውን ብለው ነው። ያጉረመረመ አለ፣ እንግዳውን ፊት የነሳም አለ። ቢሆንም በሩ ተከፍቷል፣ ሰውም ተርፏል። ትኩሳቱ ያን ከተማ ደረሰና ጥቂት ሰው ይዞ፣ የሚዛመትበት አጥቶ አለፈ። በሌሎች ከተሞች ግን፣ ድሆቻቸውን አውጥተው በጣሉት፣ በሽታው በወንዙም በነፋሱም ተመልሶ ባለጸጎቹን ዝግ በራቸው ውስጥ አገኛቸው።

በሽታው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሐኪሙ ንጉሡን ጠየቀው። «ጃንሆይ፣ ያን ሁሉ ሊቅና መኳንንት ሰብስበን እንዲያ ያለ ነገር እንዴት አመለጠን?»

ንጉሡም «ከተሰበሰብነው መሃል ቤት የሌለው ሰው ነበረ እንዴ?» አለው።

ወዳጆቼ፣ በሽታ ሀብታምና ድሃ አይለይም ሲባል እሰማለሁ። እሺ፣ እሱ አይለይ። ቤት ግን ይለያል፣ ጎተራ ይለያል፣ የንጹሕ ውሃ ጉዳይ ይለያል። ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር ለሁሉም አንድ ዓይነት የሚመስል ትእዛዝ ይወጣል፤ ተቀመጡ፣ ታጠቡ፣ ቆጥቡ፣ ታገሡ እንባላለን። ለመቀመጥ ቤት፣ ለመታጠብ ውሃ፣ ለመቆጠብም የሚቆጠብ ነገር እንደሚያስፈልግ ያለው ሰው አይታየውም። ጨካኝ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፣ ጎድሎበት ስለማያውቅ ነው። ለዚህ ነው ደግ ልብ ብቻውን የማይበቃው። የጎደለበት ሰው ራሱ ቀርቦ መናገር አለበት፣ የሚሰማውም ሰው «አልሰማሁም» ማለቱን መተው አለበት።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ለወዳጆቻችሁ ስታወሩላቸው አንድ ነገር አብራችሁ ጠይቋቸው። በመሥሪያ ቤትም ይሁን በዕድር ወይም በገዛ ቤታችን፣ ስለ ሰው ኑሮ ለመወሰን በምንቀመጥበት ጊዜ ውሳኔው የሚያርፍበት ሰው አብሮን አለ ወይ? ከሌለስ፣ ከመወሰናችን በፊት ማን ሄዶ ይጥራው?